የነጠቅሁት የአለምነሽ መድኃኒት

ይህን ነገር እስካለፈው ሳምንት ድረስ ለሰው ቀርቶ ለነፍስ አባቴ ተናዝዤው አላውቅም። ስንት ሁዳዴ ፊታቸው ተንበርክኬ የማይረባውን ሁሉ ስዘረዝር፣ ይህን ደብቄ መስቀል ስሜ ተነሣሁ።

ሚስቴን አለምነሽን የገደልኋት እኔ ነኝ። በዱላ አይደለም። መድኃኒቷን ነጥቄ ነው።

የታች ጋይንት ገበሬ ነኝ። አለምነሽን ጨጓራ ለዓመታት አሠቃይቷታል። ሽሮ ከቀመሰች ልቧን ያቃጥላታል፤ ሳትበላ ከዋለችም ይቆርጣታል። ተልባ ጠጣች፣ ጠበል ተጠመቀች፤ አልተሻላትም። በመጨረሻ ጤና ጣቢያ ሄዳ ስትመረመር ጨጓራዋ ውስጥ ባክቴሪያ ተገኘ፤ ሦስት ዓይነት ክኒን ሰጧት። በጥቂት ቀን ፊቷ ፈካ።

እኔንም ያቃጥለኝ ነበር። ሄደህ ተመርመር ብላ ለመነችኝ። እርሻው አይለቀኝም አልኋት። ውሸቴን ነው፤ ትዕቢት ነው። እኔ ሰገራዬን በብልቃጥ ይዤ ልሰለፍ? ይልቅ እጄን ዘርግቼ የእሷን ጠየቅሁ።

«ሳትጨርሺ እንዳታቋርጪ ብለውኛል» አለችኝ።

«አንችማ ድነሻል። የኔ ሆድ ሆድ አይደለም?» አልሁና ከእጇ ነጠቅሁት።

ነጠቅሁት። ሲያቃጥለኝ እየዋጥሁ፣ ሲተወኝ እየተውሁ ጨረስሁት። ለእኔም አልፈየደ፣ ለእሷም አልተረፈ።

ክረምቱ ሲወጣ ሕመሙ ተመለሰባት። ገብስ ስንወቃ ደም አስመለሳትና በቃሬዛ እስከ መኪና መንገድ አድርሰን ሆስፒታል ወሰድናት። ሐኪሙ መድኃኒቱን ጨርሳ እንደ ነበር ጠየቃት። ወንድሟና ልጃችን አጠገቧ ቆመዋል። እኔን አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ሐኪሙ መለሰች።

«ሲሻለኝ ጊዜ ተውሁት» አለች።

ሐኪሙ ተቆጣት። ወንድሟም ተቆጣት። እኔስ? ምላስ አልነበረኝም? እንዲያውም ከእነሱ ጋር ራሴን ነቀነቅሁ። በማግስቱ ሞተች።

ልቅሶው ላይ ሰው ሁሉ «ራሷን የጣለች» እያለ ሲያማት፣ እኔ «ምነው በሰማችኝ» አልሁ። እኔ ነኝ እንዲህ ያልሁት። ምን ብያት ነበርና ነው የምትሰማኝ? ነፍስ አባቴ ቀኗ ደርሶ ነው ብለው አጽናኑኝ፤ አሜን አልሁ። ቀኗን ማን አደረሰው? ይህ አፌ ነው አሜን ያለው፤ ክኒኗን የዋጠው ይህ አፌ።

ባለፈው ሳምንት ልጄ ያው ሕመም ይዟት፣ ከምትኖርበት ከንፋስ መውጫ ከተማ መድኃኒቷን ይዛ ልትጠይቀኝ መጣች። እንደ እናቴ ደንታ ቢስ አልሆንም፣ እጨርሰዋለሁ አለችኝ። ደንታ ቢስ የሚለው ቃል አላስቻለኝም። ነገርኋት። ከመንጠቄ እስከ ዝምታዬ አንድ አላስቀረሁም።



«እናቴ ስትታማ እየሰማህ ነበር?» አለችኝ።

«እየሰማሁ። አብሬም አማኋት።»

ነጠላዋን አንሥታ ወጣች፤ ለአጎቷ ልትነግረው። አልከለከልኋትም። እሱም ይስማ፣ አገሩም ይስማ። አላወቅሁም ነበር እንዳልል፣ እያወቅሁ ነው ዝም ያልሁት። ይቅር በሉኝም አልላችሁም። እሷን ግን ተዉልኝ፤ ስሟን መልሱላት። አለምነሽ መድኃኒቷን አላቋረጠችም።