ወደ ቀኝ የሚያዘነብል ድምፅ

ሚሊሜትር ነው የሚሉት። የሥራ ጓደኞቹ ያወጡለት ስም ነው፤ እሱም ለምዶት ከኋላ ሲጠሩት ዞር ይላል። ሥራው መነፅር ቤት ጓዳ ውስጥ ነው። ከፊት ያለችው ሐኪም የሰው ዓይን ትለካና ወረቀቱን በመስኮት ታቀብለዋለች። እሱ ሌንሱን ሞርዶ ፍሬሙ ውስጥ ይገጥማል። ዋናው ነገር መሃሉን ማግኘት ነው። የሌንሱ መሃል ከዓይኑ ብሌን ጋር ካልገጠመ፣ በሁለት ሚሊሜትር እንኳ ቢስት፣ ሰውየውን ራሱን ያመዋል፣ ደረጃ ሲወርድ እግሩን ያደናቅፈዋል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ መሃል ሲፈልግ ነው የኖረው።

"አንተ ሰውዬ፣ ዳቦም ለክተህ ነው የምትቆርጠው አሉ" ትለዋለች ሐኪሟ።

"ኧረ አልለካም።"

"እስቲ ማል።"

አይምልም። ምክንያቱም ይለካል።

እንግዲህ ይሄ ሰው አላገባም፣ አልወለደም። ታላቅ እህቱም እንደዚያው። እናትና አባታቸው በተዉላቸው ቤት ሁለቱ ብቻ ኖሩ። እሱ እትዬ ይላታል፤ እሷ ሃምሳ ስድስት ዓመት የሞላውን ሰውዬ ማሙሽ ትለዋለች። እትዬ ፖስታ ቤት ደብዳቤ ስትለይ ኖራ ጡረታ ወጣች። ማታ ማታ እሱ ከሥራ ሲገባ ሾርባቸውን ይጠጡና ሳሎን ይገባሉ። እሷ ከመደርደሪያው ሲዲ ትመርጣለች፣ ሶፋው መሃል ትደላደላለች፣ እሱ በቀኟ በኩል ይቀመጣል። ግራ ጆሮዋ ከልጅነቷ ጀምሮ አይሰማም፤ ሊያወራት የሚችለው በቀኝ ብቻ ነው። ዘፈኑ ሲጀመር እሷም አብራ ታንጎራጉራለች። ቤቱ የሚሞላው እንዲህ ነበር።

ታዲያ አምና ጉድ ፈላ። እትዬ ለጡረታዋ ስትሰለፍ ሚስቱ የሞተችበት አንድ ጡረተኛ መምህር ኋላዋ ይቆማል። በሚቀጥለው ወር ፊቷ ቆመ። በሦስተኛው ወር ጎን ለጎን ቆሙ።

"ማሙሽ፣ ላገባ ነው።"

"ምን?"

"ላገባ ነው አልኩህ። ጆሮ የሚደክመው እኔን ነው ወይስ አንተን?"

ስልሳ አንድ ዓመቷ ነው። እሱ ሳቀ፣ እንኳን ደስ አለሽ አለ፣ ሻንጣዋን ተሸክሞ አውቶብስ ተራ ድረስ ሸኛት። የሚኖሩት መምህሩ በተወለደበት ከተማ ነው፤ በአውቶብስ ግማሽ ቀን ይወስዳል። ሲመለስ በሩን ከፍቶ ገባና ኮቱን ሳያወልቅ ኮሪደሩ ላይ ብዙ ቆመ።

በሁለተኛው ሳምንት ሲዲ ማጫወቻው ሞተ። ጠጋኙ ከፍቶ አየውና "ጋሼ፣ የዚህ ዕቃ መለዋወጫ ከተረሳ ቆየ" ብሎ መልሶ ዘጋው። አምፕሊፋየሩና ሁለቱ ስፒከሮች ደህና ናቸው፤ የሚያጫውታቸው ነው የጠፋው። ከዚያ ወዲያ ቤቱ ጭር አለ። ሾርባውን ቆሞ መጠጣት ለመደ። ተቀምጦ ምን ሊያደርግ?

እሁድ እሁድ እትዬ ትደውላለች።

"ስትሪመር ግዛ" አለችው። "መምህሩ ነው የነገረኝ። ሙዚቃውን ከኢንተርኔት እያመጣ የሚያጫውት ነው አለ። ጥሩውን መርጠህ ስትጨርስ መጥቼ እሰማለሁ።"

"እውነትሽን ነው? ትመጫለሽ?"

"እመጣለሁ። ግን ቀሽም ነገር አስገብተህ ብትጠብቀኝ፣ በመጣሁበት አውቶብስ ነው የምመለሰው!"

ለቀልድ ነበር ያለችው። እሱ ግን ከልቡ ያዘው። እሷ የምትመጣው ድምፁ ሲስተካከል ነው ማለት ነው። እንግዲህ ድምፁን ማስተካከል አለበት።

የሙዚቃ ዕቃ የሚሸጠው ሱቅ ከመነፅር ቤቱ ሁለት መንገድ አልፎ ነው። ባለቤቷ አርባ ዓመት ገደማ የሆናት ምላሰኛ ሴት ናት። ኋላ ያለች ክፍል ውስጥ ሁለት ስፒከርና አንዲት ወንበር ብቻ አሏት። ወንበሯ ላይ አስቀመጠችው።

"ስልክ ላይ የምንሰማው ሙዚቃ ብዙ ጊዜ እንዲያንስ ተጨምቆ ነው፣ ጋሼ። ሃይ ሬዞሉሽን የሚሉት ሳይጨመቅ፣ ስቱዲዮ እንደተቀዳ የሚመጣውን ነው። ዓይንዎን ይጨፍኑና ይስሙ።"

አንዲት ሴት በአንድ ጊታር ብቻ ስትዘፍን ሰማ። ከመዝፈኗ በፊት ትንፋሽ ስትስብ ሳይቀር ተሰማው። ዓይኑን ገለጠ።

"ሴትዮዋ የት ነው ያለችው?"

"የቷ ሴትዮ?"

"የምትዘፍነዋ። መሃል ቆማለች። መሃል ላይ ግን ስፒከር የለም።"

"የለም። ሁለቱ እኩል ሲደርስዎ ነው መሃል የቆመች የሚመስለው። ደህና ጆሮ አለዎት!"

ከስንት ወር በኋላ ከፊቱ ሰው የቆመ መሰለው። ይቺን ሴትዮ ሳሎኑ ውስጥ ማቆም ፈለገ። እትዬ መጥታ እንድታያት ፈለገ።

ሱቋ ለሙከራ የምታውሳቸው ሦስት ስትሪመሮች አሏት፤ ለየሳምንቱ አንድ። መጀመሪያ ትንሿን ጥቁሯን ወሰደ። የሳሙና ማስቀመጫ ነው የምታክለው። ቤት ሄዶ ገጠማት፣ ዘፈኑን ከፈተ፣ ቦታው ላይ ተቀመጠ። ሴትዮዋ መጣች። ትንፋሿም መጣ። ግን መሃል አልቆመችም። ቀኝ ስፒከር ውስጥ ገብታ ቁጭ አለች።

ቅዳሜ መለሳት። "ድምፁ ያዘነብላል" አላት ባለሱቋን።

"ያዘነብላል? እሺ፣ ይቺን ይሞክሩ" ብላ ፊቷ ላይ ስክሪን ያላትን ሰጠችው። የዘፋኟን ፎቶ እንኳን ታሳያለች። እሷም አዘነበለች።

በሦስተኛው ቅዳሜ ከባዱን፣ ብርማውን፣ ባለ ትልቅ መዘውሩን አሸከመችው።

"ጋሼ፣ ከዚህ በኋላ የማውስዎ የለኝም። ወይ ከሦስቱ አንዱን ይመርጣሉ፣ ወይ እኔን ያገቡኝና ሱቁን ይወርሳሉ።"

ፊቱ በርበሬ መሰለ። ስትሪመሩን አቅፎ ወጣ፣ ደህና ዋይ ማለቱንም ረሳ።

ያን ሳምንት ያላደረገው የለም። በብረት ማስመሪያው ስፒከሮቹ ከግድግዳው የራቁበትን ለካ። በጠመኔ ወለሉ ላይ ምልክት አደረገ። መጋረጃውን ዘጋ፣ ከፈተ። የግራውን ገመድ በቀኝ፣ የቀኙን በግራ ገጠመው። በአንድ ጎን ይሰማ የነበረው ጊታር ወደ ሌላው ጎን ተዛወረ፤ ሴትዮዋ ግን ያው ቀኝ ናት። ቁጭ ብሎ ጠበቃት፣ አግባባት፣ ለመናት ማለት ይቻላል። ንቅንቅ አላለችም።

እትዬ በእሁዱ ደወለች።

"ምን ላይ ደረስክ?"

"ሦስተኛው ላይ ነኝ። ይኼም ያዘነብላል።"

"አንተን ሚሊሜትር ያሉህ ሰዎች ይባረኩ። እንዳዘነበለ ብመጣስ?"

"የለም የለም። ይስተካከል።"

"እሺ ማሙሽዬ" አለች። ከኋላዋ መምህሩ ሲያስል፣ ሰሃን ሲንኳኳ ይሰማል። ቤቷ ድምፅ አለው። ስልኩን ከዘጋ በኋላ እሱ ዘንድ የማቀዝቀዣው ድምፅ ብቻ ቀረ።

ሐሙስ ዕለት አንድ ሽማግሌ አናጢ መነፅር ቤቱ መጡ። መነፅራቸውን ሲመልሱ ሦስተኛ ጊዜያቸው ነው።

"ጠማማ ነው የሠራችሁልኝ!" አሉ ጠረጴዛውን እየመቱ። "ጣውላ ስለካ አግድም ይሄድብኛል። ትናንት የሠራሁት በር አይዘጋም። ሰውየው በር ነው ያዘዝኩህ ወይስ መስኮት አለኝ!"

ሐኪሟ ሚሊሜትርን ጠራችው። መነፅሩን ወስዶ ለካ፤ መሃሉ መሃል ነው። ፊታቸው ላይ አድርጎ ለካ፤ ልክ ነው። ግራ ገባው።

"አባባ፣ እስቲ ሥራ ቦታ እንደሚያደርጉት አድርገው ያሳዩኝ።"

አናጢው ከኪሳቸው እርሳስ አወጡና ቀኝ ጆሮአቸው ላይ ሰኩ። ከዚያ መነፅሩን አደረጉ። የመነፅሩ ክንድ እርሳሱ ላይ ወጣ፣ መነፅሩ በአንድ ጎን ከፍ አለ።

ሐኪሟ ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ሚሊሜትርም ሳቀ።

"አባባ፣ መነፅሩ ምንም የለበትም። እርሳሱን ወደ ግራ ያዛውሩት።"

"አርባ ዓመት እዚህ ነው የምሰካው!"

"ታዲያ እዚያው ጆሮ ላይ ሁለቱ ተጣሉ።"

ቅዳሜ ብርማውን ስትሪመር አቅፎ ሱቅ ሲገባ ባለሱቋን ላስቃት ብሎ ይሄንኑ አወራላት። ሲያወራ እንኳ ደስ ብሎታል፤ ሰው የሚያስቅ ነገር ይዞ የሚገባበት ቤት ካጣ ቆይቷል። እሷ ግን መሳቋን አቋርጣ አየችው።

"ገመዱን አገላብጠው ገጥመዋል አይደል?"

"ገጥሜያለሁ።"

"ያኔም ቀኝ ናት?"

"ቀኝ ናት።"

"ሦስት ስትሪመር፣ የተገላበጠ ገመድ፣ ያው ቀኝ። ጋሼ፣ ዕቃው አይደለም። ብርማውን ይዘው ይመለሱ፤ ዛሬ ስዘጋ መጥቼ የእርስዎን እርሳስ አያለሁ።"

ከሰዓት በኋላ መጣች። እሱ ሳሎኑን ሦስት ጊዜ ጠርጎ፣ ሻይ አፍልቶ ነው የጠበቃት። እትዬ ከሄደች ወዲህ እዚያ ቤት ሰው ሲገባ የመጀመሪያው ነው። የጠመኔውን ምልክት አየችና "ኧረ ባቡር ጣቢያ ነው እንዴ!" አለች። ስፒከሮቹን ዳሰሰች፣ ግድግዳውን አንኳኳች።

"ሁሉ ነገር ልክ ነው። በሉ ይክፈቱትና እንደ ወትሮዎ ይቀመጡ።"

ከፈተውና ሄዶ ተቀመጠ። ሶፋው ሦስት ሰው የሚይዝ ነው። የተቀመጠው ቀኝ ጫፍ ላይ፣ ክንዱን ተደግፎ ነው። ቀኙ ስፒከር እፊቱ ነው፤ ግራው ከክፍሉ ማዶ።

ባለሱቋ ቆማ አየችው።

"ሁልጊዜ እዚያ ነው የሚቀመጡት?"

"አዎ።"

"መሃሉስ?"

"መሃሉ የእትዬ ነው።"

"የት ሄደው ነው?"

"ባል አገባች።"

ልትስቅ ነበር፤ ፊቱን ስታይ ተወችው። ሻይዋን አስቀመጠች።

"እርሳሱ ይኸውልዎ፣ ጋሼ" አለች በቀስታ።

ነገሩ ገባው። ሠላሳ ዓመት የሰው መሃል የለካ ሰውዬ፣ ግድግዳውን ለክቶ፣ ወለሉን ለክቶ፣ ራሱን አልለካም። ማፈሩ አንድ ነገር ነው። ግን ሌላ ነገር ከነከነው።

"ድሮ ግን አያዘነብልም ነበር" አለ። "በዚህችው ቦታ ተቀምጬ ዘፈኑ ከመሃል ነበር የሚመጣው። በደንብ ነው የማስታውሰው።"

እንዲህ እንዳለ ትዝ አለው። ከመሃል ይመጣ የነበረው የእትዬ ማንጎራጎር ነበር።

ባለሱቋ ቦርሳዋን አነሳች። "ሦስቱም ደህና ዕቃ ናቸው። መሃሉ ላይ ይቀመጡ አይቀመጡ እኔ አላውቅም። የመረጡትን ሰኞ ይንገሩኝ።" በሩ ላይ ዞር ብላ "ሻይዎ ይጣፍጣል" አለችና ሄደች።

ብቻውን ቀረ። ሶፋውን ቆሞ አየው። መሃሉ በእትዬ መቀመጥ ጎድጎድ ብሏል። እንደ ሌባ ዙሪያውን ገላምጦ እዚያ ላይ ተቀመጠ፤ ሰመጠ። ሪሞቱን ተጫነ።

ዘፋኟ ትንፋሿን ሳበች። ከዚያ መጣች፤ በሁለቱ ስፒከሮች መሃል፣ ባዶው ግድግዳ ፊት ቀጥ ብላ ቆመች። አንድ ሚሊሜትር አልሳተችም።

ሲፈልገው የነበረ ነው፤ አገኘው። ግን ያን ያህል ብቻውን ሆኖ አያውቅም። ጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ መሃሉ ክፍት ሲሆን፣ ሰው ወደ ጓዳ ገባ ብሎ ሊመለስ የሚመስል ነገር ነበረው። አሁን ግራውም ባዶ፣ ቀኙም ባዶ። መሃል የተቀመጠ ሰው የሚጠብቀው ሰው የለም። ዘፈኑ እስኪያልቅ እንባው ጉንጩ ላይ ደረቀ፣ አልጠረገውም።

እሁድን አልጠበቀም። ራሱ ደወለ።

"ማሙሽ? ምን ሆንክ? ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው!"

"ምንም አልሆንኩም። መረጥኩ። ትንሿን፣ ጥቁሯን። የመጀመሪያዋን።"

"እሷ ታዘነብላለች አላልክም?"

"አታዘነብልም። ሦስቱም አያዘነብሉም። እትዬ፣ ቦታሽ ላይ ተቀመጥኩ።"

ስልኩን በደህናው ጆሮዋ ነው የያዘችው፤ ሰምታዋለች።

"ያ ጎድጓዳ ወገብህን አልሰበረውም?" አለች። ድምፅዋ ግን የቀልድ አልነበረም።

"ሰበረው።"

"እሰይ። አንተ እዚያ ከተቀመጥክ፣ እኔ ስመጣ የት ልሆን ነው?"

"በግራዬ። ቀኝ ጆሮሽ ወደ እኔ ይሆናል። ለክቼዋለሁ።"

ሳቀች፣ ከዚያ አፍንጫዋን ስትምግ ሰማ። መምህሩ እግሩን ታሟል፣ ሲሻለው እመጣለሁ አለችው። መቼ እንደሆነ አላለችም፤ እሱም አልጠየቃትም።

ስልኩን ዘጋ። ከግራ በኩል የነበረውን ትራስና የተጣጠፈውን ብርድ ልብስ አንስቶ መደርደሪያው ላይ አስቀመጠ፣ ቦታው ክፍት እንዲሆን። ከዚያ ሾርባውን አሙቆ ወደ ሳሎን ይዞት ገባ፤ መሃል ላይ ተቀመጠና፣ ከስንት ወር በኋላ፣ ተቀምጦ ጠጣ።