መርከበኛውና የአባቴ ቀኝ እጅ

አባቴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት ስትሮክ መታው። ጎንደር ተወልዶ አርባ ምንጭ ላይ ሠላሳ ዓመት ሒሳብ ያስተማረ ሰው፣ በቀኝ እጁ ኩባያ ማንሳት አቃተው። ሐኪሟ እንዲጨብጣት የሰጠችውን የላስቲክ ኳስ በመስኮት ወረወራት። "ሕፃን ነኝ እንዴ?" አለ።

እኔ ያኔ እዚያው አርባ ምንጭ የኮምፒውተር ተማሪ ነበርኩ። ሲቀላ ሰፈር ካለ ሱቅ በሲዲ ያስገለበጥኩት ጨዋታ ነበረኝ፤ ድሮ ውጭ አገር ሳንቲም እየተከተተባቸው ከሚሠሩ ትልልቅ ማሽኖች ወደ ቤት ኮምፒውተር የመጣ። ጨዋታው ሙሉ በሙሉ የካርቱን ፊልም ነው። መርከብ ይሰምጣል፣ አንድ መርከበኛ ይሸሻል። ማዕበሉ ሲመጣ ትክክለኛውን ቁልፍ በቅጽበት ካልተጫኑለት ይሞታል።

አባቴ ከወንበሩ ሆኖ ሲያየኝ ቆየና "ዘገየሽ፤ እስቲ ልቀቂልኝ" አለኝ።

በዚያች በማትታዘዝ እጁ ሞከረ። መርከበኛው ሞተ። ደጋግሞ ሞተ። የአባቴ ግንባር በላብ ራሰ፣ የደም ሥሩ ተገተረ። የደም ግፊቱ እንዳይነሳ ተጠንቀቁ ተብለን ነበር። ፈራሁ። በማግስቱ እሱ ሳያይ ቁልፍ ባይጫንም መርከበኛው በራሱ እንዲያልፍ አድርጌ ጨዋታውን አስተካከልኩት።

ሁለት ሳምንት ደስ አለው። "ዛሬ ሦስት ክፍል አለፍኩ" እያለ ለእናቴ ያወራ ነበር።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን ጣቱ ደርቆ ቀረ። ምንም ሳይጫን መርከበኛው ዘለለ። አባቴ እጁን አንስቶ ጭኑ ላይ አስቀመጠ። መርከበኛው ብቻውን ሁለተኛውን ክፍል አለፈ፣ ሦስተኛውን አለፈ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከሁለተኛው ቀን።"

"ለአንድም ተማሪ ያልሠራውን ነጥብ ሰጥቼ አላውቅም" አለና ተነስቶ ገባ።

አራት ቀን አላናገረኝም።

በአምስተኛው ቀን ከክፍል ስመለስ ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጦ አገኘሁት። ዞሮም አላየኝ።

"እንደነበረ መልሺው።"

"አባዬ፣ ግፊትህ..."

"መልሺው አልኩ። መሞቴ ካልቀረ ልሙት፤ ግን እኔ ልጫወተው።"

ስለ መርከበኛው ይሁን ስለ ራሱ አልገባኝም። መለስኩለት። ከጎኑ ተቀምጬ ስክሪኑን ትቼ ግንባሩን አየሁ። በየቀኑ እንደዚያ ተቀመጥን፤ እሱ ይሞታል፣ እኔ ትንፋሹን አዳምጣለሁ።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል የመጀመሪያውን ማዕበል አለፈ። ወዲያው ሁለተኛው አሰመጠው። እሱ ግን እናቴን ከጓሮ ጠርቶ "ይቺ ነጥብ የኔ ናት" አላት።

በጨዋታው ከዚያ አልፎ አልሄደም። እጁም ሙሉ በሙሉ አልዳነችም፤ ማንኪያ በግራው መያዝ ለመደ። እኔን ማናገር ግን ከዚያ ቀን በኋላ አላቋረጠም።