መብራት ሲመጣ እጄ ማሽኑ ውስጥ ነበር

ነገሩ ከሆነ ዓመት ሊሞላው ነው። ባለፈው ነሐሴ፣ አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ፣ ሚዛን ተፈሪ ከተማ፣ ጓሮዬ ውስጥ ባለችው የእንጨት ሥራ ቤቴ የደረሰብኝ ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ረስቻለሁ፤ የጋብቻ ቀናችንን ጭምር። ይቺን ግን ልርሳት ብልም እምቢ አለችኝ፤ ምክንያቱም የቀኝ እጄ ጣቶች የተረፉት በእኔ ጥንቃቄ ሳይሆን በአንዲት ሴት ግትርነት ነው።

መተዳደሪያዬ መምህርነት ነው፤ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ፊዚክስ አስተምራለሁ። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ደግሞ በርጩማ፣ መደርደሪያና የንብ ቀፎ እሠራለሁ። ቀፎዎቹን ከጌጫና ከማሻ ድረስ መጥተው የሚወስዱ ደንበኞች አሉኝ። ይህን የምናገረው ለጉራ ነው።

ከዕቃዎቼ ሁሉ የምወደው ባንድሶዬን ነው። ለማያውቀው ሰው፣ ባንድሶ ማለት እንደ ቀበቶ ክብ ሆኖ የተበየደ ጥርሳም ስለት ከላይና ከታች ባሉ ሁለት ጎማዎች ላይ እየተሽከረከረ እንጨት የሚቆርጥ መጋዝ ነው። ቀጥ ያለውንም የጎበጠውንም ይቆርጣል። ጣትም ይቆርጣል።

ይህን ስለማውቅ ግድግዳው ላይ በቀይ ማርከር ሰባት የደኅንነት ሕጎች ጽፌ ለጥፌያለሁ። ጓንት አድርገህ አትቁረጥ፤ ሰፊ እጀታ ለብሰህ አትጠጋ፤ ትንሽ እንጨት በዱላ እንጂ በጣትህ አትግፋ፤ ማሽኑን ከመክፈትህ በፊት ስፒናውን ከሶኬት ንቀል፤ እያለ ይቀጥላል። ሰባተኛው ከሁሉም ጎላ ብሎ የተጻፈ ነው፦ "ከባለቤቱ በቀር ማንም ሰው ስፒና እንዳይነካ!" ሕጎቹን የጻፍኩት ለሌላ ሰው ነበር። ጸሐፊውን ይመለከታሉ ብዬ አስቤ አላውቅም።

በክረምት እዚህ መብራት ደጋግሞ ይሄዳል። ሲሄድም ሁሉም ሰው ተመልሶ መምጣቱን የሚያውቅበት አንድ ነገር አብርቶ ይተዋል። ጎረቤታችን ሬዲዮኑን፣ ባለቤቴ የሳሎኑን አምፖል፣ እኔ ደግሞ ባንድሶዬን። መብራት ሲመጣ ማሽኑ ያጓራል፤ እኔም የተማሪ ደብተር ማረሜን ትቼ ወደ ጓሮ እሮጣለሁ። ሰፈሩም ለምዶታል። "የቲቸር ማሽን ጮኸ" ሲባል ሰው ሁሉ ካውያ ይሰካል። ባለቤቴ "አንድ ቀን ድመቷን ይበላብሃል" ስትለኝ "ድመቷ ብልህ ናት" ብዬ አልፋታለሁ።

ማሽኑ መጀመሪያ እንዲህ አልነበረም። ሁለተኛ እጅ ስገዛው አብሮት የመጣው ማብሪያ፣ መብራት ሄዶ ሲመለስ ሰው እንደገና ካልተጫነው በቀር አያስነሳውም ነበር። ያንን ማብሪያ እርጥበት ሲያበላሽብኝ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት በየዓመቱ የማስተምረው እኔ፣ ነቅዬ ጣልኩትና የመኝታ ቤት ማብሪያ ገጠምኩበት። ሠራ። በራሴም ኮራሁ።

መብራት የሌለበትን ሰዓት ደግሞ ለጽዳት እጠቀምበታለሁ። የእኛ አገር እርጥበት ለብረት አይራራም። ስለቱ ካልተወለወለ ቶሎ ይዝጋል። የእንጨቱ ሙጫ ከሰጋቱራው ጋር ተቦክቶ ጎማዎቹ ላይ ይጋገርና ስለቱን ከመስመሩ ያስወጣዋል። ስለዚህ መብራት በሄደ ቁጥር የማሽኑን በር ከፍቼ፣ ላምባ በነከርኩት ጨርቅ ጎማውን አሸዋለሁ። ስፒናውን ግን አልነቅልም። መብራት ከሌለ መንቀል ምን ያደርጋል? እስከዚያ ቅዳሜ ድረስ የእኔ ፊዚክስ ይህ ነበር።

ያን ቀን እትዬ ዘይነባ መጡ። ቤተሰባቸው ከጅማ መጥቶ እዚህ የከተመ፣ ገበያ ውስጥ የቅመም ሱቅ ያላቸው ሴት ናቸው። ኮረሪማና እርድ የሚደረድሩበት፣ አናቱ በቅስት የተቆረጠ መደርደሪያ አዘውኝ "ለማክሰኞ ይደርሳል" ብያቸው ነበር። የትኛው ማክሰኞ እንደሆነ ግን አልተነጋገርንም።

ዣንጥላቸውን አጠፉና ሠርቼ ያልጨረስኩት ቀፎ ላይ ቁጭ አሉ።

"ዛሬ ሳልይዝ ንቅንቅ አልልም" አሉኝ።

ጣውላውን አስጠግቼ ቅስቱን እኩሌታ ላይ እንዳደረስኩ መብራት ሄደ።

"ይኼንንም አንተው ነህ ያጠፋኸው" አሉ።

"እትዬ፣ ትንሽ ይታገሡ፤ እስኪመጣ ማሽኑን ላጽዳው።"

"እንግዲያውስ ስልኬ ሞቷል፤ እዚያ ሶኬት ላይ ልሰካው። ከቴፒ ዕቃ የጫነው ሾፌር ይደውልልኛል።"

"መብራት የለም እኮ!"

"ሲመጣ ይሞላላ!"

"ያለችው ሶኬት አንዲት ናት፤ እሷም የማሽኑ ናት። እባክዎ እንዳይነኳት" አልኩና ግድግዳው ላይ ያለውን ሰባተኛ ሕግ በጣቴ አሳየኋቸው። እትዬ ዘይነባ ማንበብ አሳምረው ይችላሉ። ግን ሕግ የሚባል ነገር እሳቸውን ይመለከታል ብለው አያምኑም። በዚህ እንመሳሰላለን።

ጀርባዬን ሰጥቻቸው ተንበረከኩና የማሽኑን የታችኛውን በር ከፈትኩ። ጨርቁን ሁለት ጣቶቼ ላይ ጠመጠምኩ። ጣቶቼን በስለቱና በጎማው መካከል አስገብቼ፣ በግራ እጄ ጎማውን ቀስ እያደረግኩ እያዞርኩ ሙጫውን መፈግፈግ ጀመርኩ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ስለሚደበድበው ከኋላዬ የሚሆነውን አልሰማም። ማብሪያው እንደ ሁልጊዜው በርቶ እንደተተወ ነው።

ዝናቡ ጋብ ሲል ድንገት ከታች ሰፈር፣ መብራት ከእኛ ቀድሞ ከሚመጣበት፣ የልጆች ጩኸት ተነሣ። "መጣ! መጣ!"

እኔም እንደ ልማዴ ደስ አለኝ። አልዋሽም፣ በጣም ደስ አለኝ። ከዚያ እጄ የት እንዳለ ትዝ አለኝ። ሳብኩት፤ አልወጣም። ጨርቁ የስለቱ ጥርስ ላይ ተይዟል፤ ጣቶቼ ደግሞ በጨርቁ ታስረዋል። አናቴ ላይ ያለው አምፖል ቦግ አለ። ዓይኔን ጨፈንኩ። ለመጸለይ አልነበረም፤ ላለማየት ነው። የማውቀው ጸሎት ሁሉ ጠፍቶብኝ ነበር።

ማሽኑ አልተነሣም።

ከኋላዬ ስልክ ቲንግ አለ። አንገቴን አዙሬ ሳይ፣ የእትዬ ዘይነባ ስልክ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጦ መስታወቱ በርቷል። ሶኬቱ ላይ የእሳቸው ቻርጀር ተሰክቷል። የማሽኔ ስፒና ወለሉ ላይ ተጋድሟል።

እዚህ ላይ "አመሰገንኳቸው" ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ከአፌ የወጣው ግን "ማን ንቀይ አለሽ?" የሚል ነው። እናቴን ከምታክል ሴት ጋር ከአንቱታ ወደ አንቺ እንዴት እንደወረድኩ እስካሁን አላውቅም።

እትዬ ዘይነባ ከቀፎው ላይ ብድግ አሉ። "ለአንዲት ስልክ ነው እንዲህ የምትጮህብኝ? በቃ! እመልስልሃለሁ!" ቻርጀራቸውን መንጭቀው ነቀሉ። የማሽኑን ስፒና አነሡና ጎንበስ ብለው ወደ ሶኬቱ ወሰዱት።

ማብሪያው በርቷል። እጄ እንደተያዘ ነው። ስፒናው ከሶኬቱ አንድ ስንዝር ሲቀረው ያገኘሁትን ሁሉ ጠራሁ።

"እትዬ! በአላህ ይዤዎታለሁ! በነቢዩ! በማርያም! ይተዉት!"

አንድ ማተብ ያሰረ መምህር በነቢዩ ሲለምናቸው የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም፤ ቀና ብለው አዩኝ። ከዚያ እጄን አዩ። "ያ ረቢ" አሉ በቀጭን ድምፅ። ስፒናውን ከሶኬቱ አራቁና፣ እንደ እባብ ያመልጣል ብለው ይሁን እንጃ፣ በጫማቸው ረገጡት።

ማብሪያውን አጥፍተው፣ ከመሳቢያው መቀስ አምጥተው ጨርቁን ቆረጡልኝ። ጣቶቼ ወጡ፣ ሁሉም። አንዱ ጥፍሬ ሥር ጭረት አለች፤ ሌላ ምንም የለም። ሰጋቱራው ላይ ተዘረፈጥኩ። እሳቸውም በዚያ ንጹሕ ቀሚሳቸው አጠገቤ ተቀመጡ። እንባዬ እንደመጣ ባላየ አለፉልኝ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

"ለልጆቻችን ስለ መብራት የምታስተምረው አንተ ነህ?"

"እኔ ነኝ።"

"አላህ ይጠብቃቸው" አሉና ቻርጀራቸውን መልሰው ሰኩ።

ለባለቤቴ የነገርኳት በሦስተኛው ቀን ነው። እጄን ይዛ ጣቶቼን አንድ በአንድ አገላበጠቻቸው። ከዚያ "እኔ ድመቷን አልኩ እንጂ አንተን መቼ አልኩ" ብላ ወደ ጓዳ ገባች። ሁለት ቀን አኮረፈችኝ፤ ልክ ነበረች።

አሁን ትክክለኛውን ዓይነት ማብሪያ አስመጥቼ ገጥሜያለሁ። ማሽኑን ከመክፈቴ በፊት ስፒናውን ነቅዬ ከፊቴ አስቀምጣለሁ፤ ቀጥሎ ስለቱን አላላለሁ። ጨርቁንም ትቼ ረጅም እጀታ ባለው ብሩሽ አጸዳለሁ። ሰፈሩ ግን ተቀይሞኛል፤ መብራት መምጣቱን የሚነግራቸው ማሽን አጥተዋል።

እትዬ ዘይነባ መደርደሪያቸውን ማክሰኞ፣ ቀጥሎ በመጣው ማክሰኞ፣ ወሰዱ። ቅስቱ ወደ ግራ ዘሟል ብለውኛል። ገበያ ላይ ታሪኩን ሲያወሩት፣ እጄ ማሽኑ ውስጥ እንዳለ አይተው፣ መብራቱ ሳይመጣ ልድረስለት ብለው ስፒናውን እንደነቀሉ አድርገው ነው። እኔ ባለሁበት ሲያወሩትም "አዎ፣ እንደዚያ ነው" እላለሁ። እንደዚያ ቢሆን ኖሮ እኔንም ደስ ይለኝ ነበር።

እውነቱን ሳስበው ግን አሁንም ይዘገንነኛል። የመኝታ ቤቱን ማብሪያ ከገጠምኩ ሁለት ክረምት አልፎ ነበር። በሁለቱ ክረምት መብራት በሄደ ቁጥር ያንኑ በር ከፍቼ እጄን እዚያው ቦታ ከትቻለሁ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አላውቅም። ያን ጊዜ ሁሉ ብቻዬን ነበርኩ፤ ስፒናውም ሶኬቱ ውስጥ ነበር።