በርበሬው ውስጥ የነበረው ጨው

ወፍጮ ቤት የገባሁ ቀን ባለ ወፍጮው አያ ዘለቀ መጀመሪያ ያስተማረኝ ድንጋይ መውቀር አልነበረም። እጄን ይዞ የአንዲት ሴት የበርበሬ ከረጢት ውስጥ ከተተና፣ "ጨዉን ፈልግ" አለኝ። በርበሬ ከነቅመሙ፣ ከነጨዉ ተቀላቅሎ ነው የሚመጣ። ጨዉ ከረጠበ ድንጋዩን ይደፍነዋል። "እርጥብ ከሆነ መልሳት፣ ፀሐይ ታስመታው።" እሺ ብዬ በዚያው እጄ ዓይኔን አሸሁ። ቀኑን ሙሉ እንባዬ ሲወርድ ሴቶቹ፣ "ምነው፣ ማን ሞተበት?" እያሉ ሳቁብኝ።

ዕድሜዬን እዚያው ጎንደር ወፍጮ ላይ ጨረስሁ። ፊደሉን ብዙም አልዘለቅሁት፤ እጄ ግን ከረጢት ነክቶ ጨዉ ስንት ጣሳ እንደሆነ ያውቅ ነበር።

ባለቤቴን የሺን ደም ግፊት ያዛት። የጤና ጣቢያዋ ነርስ ኪኒን ሰጥታ፣ ጨው ቀንሺ አለቻት። የሺ የጨው ዕቃውን ከነክዳኑ ለጎረቤት ሰጠች። ወጡ ላይ ቅንጣት አትጨምርም። እኔ አጉረመረምሁ።

"ይሄ ወጥ ነው ወይስ የእጅ እጣቢ?"

"ካልጣመህ ድንጋይህን ቆርጥም!"

ግፊቷ ግን አልወርድ አለ። ነርሷ ተቆጣች፦ "እማማ፣ አይዋሹኝ፤ ጨው እየበሉ ነው።" የሺ በማርያም ማለች። መንገድ ላይ እኔም፣ "እውነቱን ተናገሪ፣ ተደብቀሽ ትጨምሪያለሽ" አልኋት። እስከ ቤት ድረስ ከፊት ከፊቴ ሄደች።

አንድ ጠዋት ከጎንደር አጠገብ ካለችው ፀዳ የመጣች ሴት ከረጢቷን አቀበለችኝ። ዳሰስሁት፤ ጨው የለም።

"ጨዉን ረስተሻል።"

"አልረሳሁም አያ ደምሴ። አባቴ ግፊት አለበት። ከወጡ አውጥቼ በበርበሬው ባበላው ምን ረባሁት?"

ሞተሩን አጠፋሁ። የእኛን በርበሬ የፈጨሁት እኔ ነኝ። ሽሮውንም። ጨዉን ዳስሼ፣ ደረቅ ነው፣ ሸጋ ነው ብዬ።

ቤት ገብቼ ነገርኋት። ማማሰያዋን እንደያዘች አየችኝ።

"ስንት ዘመን የሰው ጨው የዳሰሰ እጅ የገዛ ቤቱን አጣው? ውሸታም ያልኸኝንስ?"

"አጥፍቻለሁ።"

ይህን ቃል ከአፌ ሰምታ አታውቅም። "ድገመው" አለች። ደገምሁት።

አዲሱን በርበሬም ሽሮውንም ያለ ጨው አሰናዳች፣ እኔ ፈጨሁ። በርበሬውን እንዳይነቅዝ ከወለቃ ሸክላ ሠሪዎች በገዛችው ማሰሮ አሽጋ አስቀመጠችው። ከጊዜ በኋላ ግፊቷ ወረደ። ነርሷ፣ "አሁን ገና ሰሙኝ" ስትላት የሺ ወደ እኔ ዞረች። "እኔስ ድሮም ሰምቻለሁ፤ የዘገየው እሱ ነው።"

ያንን ጨው አልባ ወጥ እያጉረመረምሁ ዓመታት በላሁ። የሺ ካረፈች ሁለተኛ ክረምቴ ነው። ልጄ የምትሠራልኝ ወጥ ይጥማል፤ የሚያምረኝ ግን ያ ነው። ማሰሮው ሥር ጥቂት በርበሬ ቀርታለች። ከፍቼ አሸታታለሁ፣ መልሼ እከድናለሁ።

ወፍጮ ላይ ለቆማችሁ የምለው ይህን ነው። ከረጢት ስትዳስሱ ጨው ካገኛችሁ፣ ቤት ውስጥ ግፊት ያለበት ሰው እንዳለ ጠይቁ። እኔ የምጠይቅ መድረቁን ብቻ ነበር።