ትንሽ አሟቸዋል

የምሠራው አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ነው። ሰው ሐኪም መሆኔን ሲሰማ የሚያስበው ደም ነው፤ ደሙን ከለመድኩት ቆይቷል። የሥራዬ ከባዱ ክፍል ማውራት ነው፤ ይልቁንም ሰው የሞተበትን ቤተሰብ ማነጋገር። ለዚህም ሥልጠና ወስደናል። ቤተሰቡን አስቀምጡ፣ ስልካችሁን ዝጉ፣ ነገር አታንዛዙ፣ «አረፉ»፣ «አለፉ» እያላችሁ አትሸፋፍኑ፣ «ሞተዋል» በሉና ዝም በሉ ተብለናል። እንደተባልኩት አደርጋለሁ። ተናግሬ ጥቂት እቆምና ወደሚቀጥለው ታካሚ እሄዳለሁ። ነርሶቹ ልበ ደንዳና ይሉኛል፤ እኔም አልከራከርም፤ ሁላችንም እያለቀስን ማን ይሠራል።

የደብረ ብርሃን ልጅ ነኝ። የምኖረው ከከተማው ዳር በአንድ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአንዲት የአንኮበር ልጅ ጋር ነው። የተዋወቅነው ሁለተኛ ደረጃ ስንማር ነው፤ ያኔ ለትምህርት ከአንኮበር መጥታ ደብረ ብርሃን አጎቷ ቤት ትኖር ነበር። ዛሬ አርክቴክት ናት። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ቪላ ስትነድፍ ትውልና ማታ ሊፍት የሌለውን ሕንፃ ጄሪካን ተሸክማ ትወጣዋለች። የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

አብረን እንኖራለን ይባል እንጂ አንገናኝም። እኔ የሌሊት ተረኛ ስሆን እሷ ተኝታለች፤ እሷ ስትወጣ እኔ ገብቼ እተኛለሁ። የምናወራው በቴሌግራም ነው። «እንጀራ አልቋል»፣ «ውኃ መጥቷል፣ በርሜሉን ሙዪ»፣ «ሳሎን ውስጥ የተኙት ሰውዬ ማን ናቸው?» የመጨረሻው ቀልድ አይደለም። ከሰሜን ሸዋ ለሕክምና የሚመጣ ሰው ሁሉ ቤታችንን ያውቀዋል። የደነባም ይምጣ የሰላ ድንጋይ፣ ዘመድነቱ እስኪጣራ ድረስ ሳሎኑ ላይ ፍራሽ ይነጠፍለታል። አጎቷም የዓይን ሞራ ሊያስገፍፉ መጥተው እኛው ጋ ነበር ያረፉት፤ ስልኬን የያዙት ያን ጊዜ ነው። እንደሌላው ሰው ሁሉ «ዶክተር» ነው የሚሉኝ። የገዛ እናቴ እንኳ ሰው ፊት ዶክተር ትለኛለች፤ ሰው ከሌለ ደግሞ ሳህን እጠቢ።

እናቷ የሞቱት ተማሪ ሳለን ስለሆነ የቀሯት አባቷ ብቻ ነበሩ። ገብስና ባቄላ የሚያርሱ፣ ከአንኮበር ቁልቁል ባለው ገደል አፋፍ ላይ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ቤታቸው ኔትወርክ ስለማይደርስ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ሥር ቆመው ይደውላሉ። ከሸለቆ ማዶ ያለ ሰው የሚጠሩ ይመስል ስለሚጮኹ እኔ ወጥ ቤት ሆኜ ሁሉንም እሰማለሁ። ዘነበላችሁ? በላችሁ? መቼ ትመጫለሽ? እሷ ለገና ትላለች፤ ገና ሲደርስ ለፋሲካ። ፕሮጀክት ነበረባት። እኔም ደብረ ብርሃን ያለችው እናቴ ጋ ከሄድኩ ቆይቼ ነበር።

አንድ ጠዋት፣ ከአዳር ሥራ ወጥቼ ሆስፒታሉ ካፌ ፍርፍር እየበላሁ፣ አጎቷ ደወሉ። ያን ቀን እንኳ ሰላምታውን አላሳጠሩም፤ ጤናዬን፣ ሥራዬን፣ የእናቴን ጉልበት ጠየቁ። ከዚያ አባቷ ማለዳ ከብት ሊያሰማሩ ወጥተው፣ ደከመኝ ብለው አጥር ሥር እንደተቀመጡ፣ እዚያው እንደቀሩ ነገሩኝ። ቀብሩ እሷ እንድትደርስ ለነገ እኩለ ቀን ተይዟል። ዛሬ ደብረ ብርሃን እሳቸው ቤት እንዳደርሳት፣ ነገ ጎሕ ሲቀድ እነሱ እንደሚነግሯት፣ ጠዋቱኑ ወደ አንኮበር እንደሚወርዱ አስረዱኝ።

«አንቺ ‹ትንሽ አሟቸዋል› በያት። ከዚያ ወዲያ እንዳትይ። አደራ፣ ዶክተር።»

በእኛ አገር «ትንሽ አሟቸዋል» የሚባል አባት በሕይወት የሚገኘው አልፎ አልፎ ነው። በእውነት ትንሽ ያመመው ሰው እኮ ራሱ ደውሎ ያማርራል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ግን ሁሉም ያልገባው መስሎ መንገድ ይጀምራል። ሥርዓቱ እንዲህ ነው፤ መርዶ በስልክ አይነገርም፣ በመንገድ አይነገርም። ጎሕ ሲቀድ ቤት ውስጥ፣ ዘመድና ጎረቤት ከብቦ፣ የሚይዛት ሴት ከጎኗ ቆማ ነው የሚነገረው።

አልወደድኩትም። ሕንፃ የምታቆም ሴት እንደ ሕፃን ተሸውዳ ቀኑን ሙሉ መጓዟ አናደደኝ። ድንገተኛ ክፍል ቢሆን አስቀምጫት በአንድ ዐረፍተ ነገር እነግራት ነበር። ከነገሩ ጾም እደሩ ብዬ እንዳልተውም ከእኔ ሌላ የሚያደርሳት አልነበረም። አደራውን ደግሞ ተቀብያለሁ፤ አደራ በላ መባልን በዚህ ሁሉ ትምህርቴም እፈራዋለሁ። ከሁሉም በላይ የሚያስጨንቀኝ ግን ሌላ ነበር፤ በኋላ ስታውቅ፣ አብሬያት በልቼ አብሬያት ተሳፍሬ እንደዋሸኋት ስታውቅ፣ ጓደኝነታችን ይተርፍ ይሆን?

ቢሮዋ ስደርስ ስክሪኑ ላይ ደረጃ እየሣለች ነበር። አባትሽን ትንሽ አሟቸዋል፣ አጎትሽ ብትመጣ ጥሩ ነው ብለዋል፣ እኔም ዕረፍት ስለሆንኩ አብሬሽ እሄዳለሁ አልኳት። ሆስፒታል ገብተው እንደሆነ ጠየቀችኝ። የለም፣ ቤት ናቸው አልኩ፤ ይህ እንኳ ውሸት አልነበረም። ደረጃውን ጨርሳ፣ ኮምፒውተሩን ዘግታ፣ ለአለቃዋ ነገ አልገባም ብላ ወጣች። አለቃዋ ምን ሆነሽ ሳይላት በሁለት እጁ ጨበጣት፤ የወሎ ሰው ነው፣ ገብቶታል።

የቀረኝ ስልኳ ነበር። ዛሬ መርዶ ጎሕ እስኪቀድ አይጠብቅም፤ ሬሳው ሳይገነዝ አንዱ የአክስት ልጅ ፌስቡክ ላይ ፎቶና ሻማ ለጥፎ «ነፍስ ይማር» ይላል። ስለዚህ ባትሪዬ አልቋል፣ አጎትሽ ሲደውሉ እንዳገኛቸው ያንቺን ስጪኝ አልኳት። ሰጠችኝ። አጥፍቼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ያቺ ሽንት ቤት እንኳ ስልኳን ይዛ የምትገባ ልጅ ያን ቀን አንድም ጊዜ መልሽልኝ አላለችኝም። እኔም በጣም ጎበዝ ውሸታም ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ከላምበረት መናኸሪያ ሚኒባስ ያዝን። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። እኔ ዝም ማለት ስላቃተኝ ስለ ደም ግፊት አወራሁ። ሽማግሌ ሰው ሲያዞረው ምን እንደሚሰጥ፣ ጨው መቀነስ እንደሚጠቅም፣ ደብረ ብርሃን ጥሩ ላቦራቶሪ እንዳለ ነገርኳት። እሷ ራሷን እየነቀነቀች ታዳምጠኛለች። ፍተሻ ላይ ሁላችንም ወርደን መታወቂያ ስናሳይ ፈታሹ ወዴት እንደምንሄድ ጠየቀን። «አባቴን ልጠይቅ» አለችው። ሰውየው እግዜር ይማራቸው አላት፤ አሜን አለች።

ጫጫ ስንደርስ ሾፌሩ ሻይ ሊጠጣ ቆመ። ተሳፋሪው ወርዶ እኛ ብቻ ቀረን። ከዚህ የተሻለ ጊዜ የለም ብዬ አሰብኩ፤ ተቀምጣለች፣ ጸጥታ ነው፣ ስልክ የለም። ልክ እንደ ሥልጠናው። አደራውንም ሥርዓቱንም ለመጣስ ቆርጬ እጇን ያዝኩ።

«አንድ ነገር ልነግርሽ ነው» አልኳት።

ወደ ውጭ እያየች ቆሎ እንግዛ አለችኝ። መልሴን ሳትጠብቅ እጇን አስለቀቀችና ወረደች። ቆሎ ከምትሸጠዋ ሴትዮ ጋር ቆማ ስታወራ፣ ስትቀምስ፣ ሌላ ስታስለውጥ፣ ሾፌሩ ጥሩምባ እስኪነፋ ቆየች። ተመልሳ ቆሎውን ጭኔ ላይ አድርጋ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደገፈችና ዓይኗን ጨፈነች። እኔም አልደፈርኩም፤ ቆሎዬን ቆረጠምኩ።

ደብረ ብርሃን እንደተለመደው ነፋስ ተቀበለን። የአጎቷ ቤት ከልክ በላይ ተጠርጓል። የአጎቷ ሚስት ዓይኗ ቀልቶ ነበር፤ ሽንኩርት ስከትፍ ነው አለች፣ የቀረበው ግን ሽሮ ብቻ ነው። ጎረቤት በየምክንያቱ ብቅ እያለ ወንፊት ይዋሳል፣ ወንፊት ይመልሳል። አጎቷ ከከተማው ወጣ ብሎ ስለሚሠራው ፋብሪካ፣ ስለ ዘንድሮው ውርጭ፣ ስለ ዓይናቸው አወሩ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ እንደሚባለው ሆኖ አመሸ።

ከሁሉም በላይ የተናገረችው እሷ ናት። አባቷ አዲስ አበባ የመጡ ጊዜ አራተኛ ፎቅ ሲወጡ በየፎቁ ያለውን በር እያንኳኩ «ደኅና ዋላችሁ» ሲሉ፣ ሰው ሁሉ ምን ፈለጉ እያለ እንደወጣ ነገረችን። «አባባ እኮ እስካሁን ይገርማቸዋል፤ ሰው ቤት ፊት አልፎ እንዴት ሰላም አይባልም ይላሉ» አለች። ሳቅን። አጎቷ እንኳ ሳቁ። ሚስታቸው ድስቱን አነሳች፣ ወጥ ቤት ገባች፣ ሳትመለስ ቆየች። እኔ ጓደኛዬን ሳያት ዓይኗ ደረቅ ነበር፤ ምንም አልጠረጠረችም፣ ነገ ምን ትሆናለች ብዬ ፈራሁላት። ይህን ያህል ጊዜ ሞት ተናግሬ እንዲህ ስፈራ የመጀመሪያዬ ነው።

ጎሕ ሲቀድ ግቢው ውስጥ ኮቴ ሰማሁ። የተኛሁት ከአጎቷ ሚስት ጋር ሳሎን ነበር፤ ተነሣን። አጎቷ፣ የንስሐ አባታቸው፣ ሦስት ሽማግሌዎችና ብዙ ሴቶች ገቡ። ከሴቶቹ ጠንካሮቹ ወደፊት ቀረቡ። አጎቷ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ የሚናገሩትን እየተለማመዱ ነው። እኔም ቤተሰብ ፊት ልቀርብ ስል የማደርገው ይህንኑ ነው። የመኝታ ክፍሉን በር ከፈቱት።

አልጋው ተነጥፏል። እሷ ለብሳ፣ ተጫምታ፣ ጠርዙ ላይ ተቀምጣለች። ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ እንደ ሐዘንተኛ አንገቷ ላይ ነው። ሲነጋ የሚመጡትን ጠብቃ እንጂ ተኝታ እንዳላደረች አየሁ።

አጎቷ የተለማመዱት ሁሉ ጠፋባቸው። ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው ቀሩ። ለሚያውቅ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር ማንም አያውቅም፤ ሴቶቹ እርስ በርሳቸው ተያዩ። ከመካከላችን አፏን ቀድማ የከፈተች እሷ ናት፤ ድምፅዋ ደረቅ ነበር።

«ንገሩኝ እንጂ» አለች። «ከትናንት ጀምሮ ይዤዋለሁ። ካልተነገረኝ እንዴት ላልቅስ?»

አጎቷ ልጄ ብለው ጀመሩና እንባቸው ቀደማቸው፤ ፊታቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ። እሷ ወደ እኔ ዞረች።

«የእናቴን መንገድ ላይ ነው የሰማሁት» አለችኝ። «ከትምህርት ቤት ስመለስ አንዱ ሰውዬ ቆም ብሎ ነገረኝና ሄደ። አስፋልት ዳር ብቻዬን አለቀስኩ። ቤት ስደርስ አልቅሼ ጨርሼ ነበር፤ ሰው ሁሉ ምን ዓይነት ልጅ ናት አለኝ። የአባባን እዚህ፣ ሰው ባለበት ንገሩኝ። አንቺ ንገሪኝ፤ አንቺ ታውቂበታለሽ።»

አልጋው ላይ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ቃሉን አውቀዋለሁ፤ በየሳምንቱ ለማላውቃቸው ሰዎች እለዋለሁ። አፌን ከፍቼ አልወጣ አለኝ። እሑድ ከወጥ ቤት የምሰማው ድምፅ ነበር የሚሞተው፤ እኔ እስክናገር ድረስ አልሞተም። ትናንት አደራ እበላለሁ ብዬ የፈራሁት፣ ስለዋሸኋት የተጨነቅኩት ሁሉ ከንቱ ነበር፤ ከእኔ የፈለገችው ይህቺን አንዲት ቃል፣ በዚህ ክፍል ውስጥ፣ በዚህ ሰው መካከል ነበር።

«አባባ ሞቱ» አልኳት።

«መቼ?»

«ትናንት ጠዋት።»

«ትናንት ግን ቀኑን ሙሉ ነበሩልኝ» አለች። ከዚያ አለቀሰች። ሴቶቹ ያዟት፣ ቤቱ በአንድ ድምፅ አለቀሰ፣ ግቢው ውስጥ የቆመውም ተቀበለው። እኔም ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም፤ አንገቷን ይዤ አብሬያት አለቀስኩ።