የታጠነው ቅል

ጎረቤቴ የንብ ቀፎዋን በወይራ ስታጥን ጢሱ ግቢዬ ገባ። ወፍ ቤት ታድርገው ብዬ ዛፍ ላይ የሰቀልኩትን ቅል ፈጥኜ አወረድኩ።

በጣሊያን ጊዜ ቤታችን ተቃጥሎ፣ አባቴ ዱር ገብቶ፣ አምበር በሚባል አገር አያቴ ዘንድ ያለ እኩያ ብቻዬን የማድግ ልጅ ነበርኩ። ወፍ እንኳ ትጎራበተኝ ብዬ ቅል በሳሁና እንደ ቀፎ በወይራ አጥኜ ሰቀልኩ። አንዲት ወፍ ደጁ ድረስ መጥታ ተመለሰች።

"ለንብ ይታጠን የለ? ለወፍ ሲሆን ምን ነውር አለው?" ብዬ አያቴን ሞገትኳቸው።

"አንቺ ሞጋች! ንብ ሽታውን ወዳ ትገባለች። ወፍ ግን ቤቱ ተቃጥሏል ብላ ነው የምትሸሽ። አንቺስ ጢስ ሸሽተሽ አይደል የመጣሽ?"

ቅሉን ወንዝ ወርጄ በአሸዋ ሳጥበው ዋልኩ፤ ወይራ ወይራ መሽተቱን ግን አልተወም። ያን ክረምት ወፍም አልገባችበት፣ አባቴም አልመጣ።

ዛሬ ቅሌን አቅፌ በአጥሩ አሻግሬ ጮህኩ፦ "አንቺ፣ ጢስሽን ወደዚያ አዙሪው! እዚህም ቤት ፈላጊ አለ!"