ከሾፌሩ ጎን ያለው ወንበር

ንጋት አሥራ አንድ ሰዓት፣ ዳቬይተን

ቅዳሜ ነው። የምኖረው ፕሪቶሪያ ነው፤ ትናንት ግን የአጎቴ ልጅ ተስፋዬ ዘንድ፣ ስፓዛ ከሚባለው የሰፈር ሱቁ ጀርባ፣ በዱቄት ጆንያና በለስላሳ ሳጥን መሀል በተዘረጋ ፍራሽ ላይ አደርኩ። ተስፋዬ በሱቁ የብረት ፍርግርግ በኩል ዳቦና ጭማቂ አቀበለኝ። የኛ ነጋዴዎች ሰፈር ጀፕስታውን ስደርስ "ጋሼ መካኒኩ" ብዬ እንድጠይቅ፣ የማያውቃቸው እንደሌለ ነገረኝ።

የምሄደው ለአንዲት መኪና ነው። ጋሼ መካኒኩ ዓመት ሙሉ ሲጠግኗት የከረሟት፣ መቶ ዓመት ያለፋት የአሜሪካ የውድድር መኪና ዛሬ ከከተማው በስተሰሜን በሚደረግ የአሮጌ መኪኖች ትርዒት ላይ ትቀርባለች። ሚኒባስ ታክሲው ካልሞላ አይነሳም። መንገድ ዳር ሊጥ በዘይት ከምትጠብስ እናት ሁለት ትኩስ ማጉንያ ገዝቼ፣ ዘይቱ ጣቴ ላይ እንዳለ ጉዞ ጀመርን።

አንድ ሰዓት ተኩል፣ ጀፕስታውን

ብርድ ልብስ በቁልል፣ ጫማ በጆንያ፣ የፕላስቲክ ባልዲ እስከ ጣሪያ። የኛ ሰው ገና ሳይነጋ ሥራ ጀምሯል። ጋሼ መካኒኩን ስጠይቅ ሦስት ሰዎች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ ምድር ቤት ጠቆሙኝ። ስድሳ የሚጠጉ፣ አጭር፣ ጺማቸው የሸበተ፣ ሰማያዊ ቱታ የለበሱ ሰው ወጡ። እጃቸው ግሪስ ስለነበረ ክንዳቸውን ጨበጥኩ።

መኪናዋ ቀይ ናት። ጣሪያ የላት፣ በር የላት፤ ሁለት ጠባብ ወንበር፣ ከኋላ በርሜል የሚያህል የነዳጅ ታንከር፣ ቀጫጭን ጎማ። የነዳት ሰው ሃርላን ቢክስቢ ይባላል። ጋሼ ታሪኩን እንደ ዳዊት በቃላቸው ይዘውታል። የገበሬ ልጅ ነው፤ መጀመሪያ በብስክሌት ይሽቀዳደም ነበር፤ ከዚያ የአንድ ሐኪም ሾፌር ሆነ። በኋላ በጭቃ፣ በጡብ፣ በእንጨት ሳንቃ በተነጠፈ መም ላይ እየነዳ ስሙ ገነነ። አንድ ቀን ጎማ ፈነዳና መኪናዋ ተገለበጠች። ቢክስቢ አንገቱ ሥር ያለው አጥንት ተሰብሮ ተረፈ። ከዚያ መኪና መሸጫ ከፍቶ፣ ሸምግሎ፣ አልጋው ላይ ሞተ። መኪናዋን አንድ የማዕድን ከበርቴ በመርከብ ወደዚህ አመጣት፤ አሁን ያለችው በልጅ ልጁ እጅ ነው።

ጋሼ ይህን ሁሉ የነገሩኝ ወደ ሌላ ሰው ታሪክ ሊወስዱኝ ኖሯል። ያን ጊዜ ሾፌር ብቻውን አይወዳደርም። ከጎኑ መካኒክ ይቀመጣል፤ ነዳጁን በእጅ ፓምፕ ወደ ሞተሩ ይገፋል፣ ጎማውን ያያል፣ ከኋላ ማን እንደመጣ ዞሮ አይቶ የሾፌሩን ትከሻ ይመታል። መኪናዋ ስትገለበጥ ያልተነሳው እሱ ነው። የግራውን ወንበር ትራስ አነሱልኝ። ከሥሩ ሳንቃው ላይ በሚስማር የተጫረ ስም አለ፦ ኤዝራ ኮብ።

"ዕዝራ ነው" አሉኝ። "ሁሉም መጽሐፍ 'መካኒኩ ሞተ' ብሎ ያልፋል። ቀለሙን ስፍቅ እኔ አገኘሁት። ለባለቤቱ ነገርኩት፣ ትርዒቱ ላይ የሚቆመው የታሪኳ ሰሌዳ ላይ ይጻፋል አለ። ዛሬ ይወጣል።"

ልጃቸው የሚመረቅ አባት ይመስሉ ነበር። ንጹሕ ሸሚዝ በፌስታል ይዘዋል።

አራት ሰዓት፣ መንገድ ላይ

መኪናዋ በተጎታች፣ እኛ ባኪ በሚሏት ፒክአፕ። የአሌክሳንድራን መንደር ታክከን አለፍን፤ ቆርቆሮ ላይ ቆርቆሮ፣ የተሰጣ ልብስ፣ መንገድ የሚሻገሩ ዶሮዎች። ከአውራ ጎዳናው ማዶ የሳንድተን መስታወት ፎቅ ያብለጨልጫል። ጋሼ ሸሚዛቸውን የትራፊክ መብራት ላይ ስንቆም ቀየሩ።

አምስት ሰዓት ተኩል፣ ትርዒቱ

መግቢያው መቶ ሃምሳ ራንድ። እኔ በፊት በር ገባሁ፤ ጋሼ "ሠራተኛ" ተብለው በኋላ በር። ንጹሑን ሸሚዝ ለብሰው በኋላ በር!

ሰሌዳው በር ያህላል። የቢክስቢ ልደት፣ የቢክስቢ ድል፣ "በተአምር ተረፈ"። ከሥሩ በትንሹ፣ "መካኒኩ ሕይወቱ አለፈ"። ፎቶው ተቆርጧል፤ ከጠርዙ ላይ የአንድ ሰው ክርን ብቻ ቀርቷል። ምስጋናው ደግሞ ለባለቤቱ አያት፣ ለወይን ጠጅ አቅራቢው፣ ለድንኳን አከራዩ። የዕዝራ ስም የለም። ጋሼ ሁለት ጊዜ ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ሦስተኛውን አልጀመሩም። ተጎታቹ አጠገብ ሄደው ተቀመጡ።

ደሜ ፈላ። እኔ ስናደድ ጆሮዬ ይቀላል፤ ከነጆሮዬ ባለቤቱ ፊት ቆምኩ። ገለባ ባርኔጣ ያደረገ፣ ፈገግታ የማያልቅበት ሰው ነው። ቦታ አልበቃ ስላለ ነው አለኝ። ለወይን ጠጅ ጠርሙስ ሥዕል የበቃ ቦታ ለሁለት ቃል አልበቃም! ሰውየው ነፍሱን የሰጠባት መኪና እኮ ናት። ይህን ሁሉ ብዬው ፈገግታው ንቅንቅ አላለም።

ስድስት ሰዓት፣ መሙ ላይ

ድምፅ ማጉያው ቢክስቢን ጠራ፤ ባለቤቱንም ጠራ። ባለቤቱ መሪውን ያዘ። ከጎኑ፣ የዕዝራ ወንበር ላይ፣ መነጽር ያጠለቀ የጎልፍ ጓደኛው ለፎቶ ተቀመጠ። መኪናዋ አጓራች፣ ሰው አጨበጨበ፤ መቶ ሜትር ሳትሄድ ሁለቴ አሳላት፣ ቆመች። ፓምፑን የሚገፋ የለማ! ሲሞክሯት ሁልጊዜ ጋሼ ነበሩ የሚገፉት፤ ባለቤቱ እጃቸው ምን ይሠራ እንደነበር አንድ ቀን እንኳ ዞሮ አላየም።

አስጠራቸው። ጋሼ እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ ሳይቸኩሉ መጡ። ጓደኛየው ቦታ ለቀቀ። እሳቸው ግን አልገቡም። ባለቤቱን በጀፕስታውን እንግሊዝኛቸው እንዲህ አሉት፦

"መጀመሪያ ስሙን ጻፍ። ከዚያ እገባለሁ።"

ባለቤቱ ሕዝቡን አየ። ሕዝቡ እሱን አየው። ከምዝገባ ጠረጴዛው ወፍራም እስክሪብቶ አስመጥቶ፣ ባርኔጣውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ሰሌዳው ዘንድ ሄደና፣ "ኤዝራ ኮብ፣ መካኒክ" ብሎ ሰሌዳው ላይ ጻፈ። ከጠርሙሱ ሥዕል በላይ። ቦታው በደንብ በቃ።

ጋሼ ገቡና ፓምፑን ያዙ። ሦስት ዙር ዞሩ። በየመታጠፊያው ወደ ኋላ እያዩ የባለቤቱን ትከሻ ሲመቱ፣ ሳላስበው እንባዬ መጣ።

ሰባት ሰዓት ተኩል

የሚጠጣ ይዘን ሣር ላይ ተቀመጥን። የኔ ንዴት አልበረደም። የእርስዎስ ስም? አልኳቸው። ዓመት ሙሉ የለፉት እርስዎ፤ ለምን አብሮ አልተጻፈም? ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባል የለ?

"እሱ ሞቷል፣ ማን ይጠይቀዋል?" አሉኝ። "እኔ አለሁ አይደል? ያለ ሰው ከተጠየቀ ይናገራል።"

አሥራ አንድ ሰዓት፣ ወደ ዳቬይተን

ታክሲው ጢም ብሏል። ጀምበሯ በመስኮት ገብታ ጉልበቴ ላይ ተቀምጣለች። ይህን ጽሑፍ ለመጀመር ማስታወሻዬን ገለጥኩ። ንዴቴ ገና ትኩስ ስለሆነ ስለዚያ ሰሌዳ የምለውን እያዘጋጀሁ ነበር።

ቢክስቢ፣ ቢክስቢ፣ ቢክስቢ። ዕዝራ። የባለቤቱ ስም እንኳ ከነአያቱ ማስታወሻዬ ላይ ሰፍሯል። ያስተናገዱኝ ሰው ግን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው "መካኒኩ" ናቸው። አንዳንድ ቦታ "ጋሼ"። ጋሼ እያልኩ አከበርኳቸውና፣ አክብሬ ስማቸውን ሳልጠይቅ ዋልኩ። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ማለት እኔ ነኝ።

ዳቬይተን ደርሼ ገና ከሱቁ ፍርግርግ ውጪ ቆሜ ተስፋዬን ስማቸውን ጠየቅኩት። አራት ዓመት ባኪውን ሲጠግኑለት ኖረዋል። አሰበ፣ ስልኩን አወጣ። ስልኩ ላይም "ጋሼ መካኒክ" ነው።

ደወልኩ። ይቅርታ ጠየቅኩና ስማቸውን እንዲነግሩኝ ለመንኩ፤ እሳቸው ሳቁ።

"ማርቆስ" አሉኝ። "ማርቆስ ሃንዲሶ። ከዱራሜ።"